አንድ ሚሊዮን አንድ

ተክለወልድ ከባቡር ጣቢያ ጸሐፊነት ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ በጎረቤት ሀገር የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቱ፣ ዓርብ ዓርብ ጠዋት እንደሱ በስደት የሚኖሩ የሀገሩን ሰዎች ሂሳብ ያስተምራል። ከተማሪዎቹ አንዷ አበቡ ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ራስ ዲካ ሰፈር ሰው ቤት የምታጸዳ፣ ከከተማው ዳር ከባልባላ በሚኒባስ ተጋፍታ የምትመጣ። ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠችውን ትምህርት ጨርሳ ፈተና ልትቀመጥ ቆርጣ ነበር።

አንድ ዓርብ ስለ ብቸኛ ቁጥሮች አስተማረ፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ ስለማያካፍላቸው ቁጥሮች። ሰሌዳው ላይ 1,000,001 ብሎ ጻፈ።

«ይሄ ብቸኛ ነው» አለ። «በሁለት ብትሉ፣ በሦስት ብትሉ፣ በሰባት ብትሉ እሺ አይልም። እስከ ዘጠና ሰባት ድረስ ሞክሬዋለሁ።»

አበቡ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ እኔ ግን መቶ አንድ ያካፍለዋል ባይ ነኝ። ዘጠኝ ሺህ...»

አላስጨረሳትም። «አበቡ፣ ይሄ ወለል መወልወል አይደለም!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አበቡ እጇን አወረደች፤ ትምህርቱ እስኪያልቅም ቀና አላለች።

ሰዉ ሲበተን ተክለወልድ እርሳስ አነሳ። 101 በ9901 ሲባዛ ልክ አንድ ሚሊዮን አንድ ሆነ። ከዘጠና ሰባት ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥር መቶ አንድ ነው፤ አንድ እርምጃ ሲቀረው ነበር ያቆመው። ፊቱ ጋለ። «በሚቀጥለው ዓርብ ለብቻዋ ጠርቼ እነግራታለሁ» አለ በልቡ።

አልመጣችም። በተከታዩም ቀረች። ሄዶ እንዳይጠይቃት ኩራቱ ያዘው፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን አላስችል ብሎት ባልባላ ወረደ። አከራይዋ ዙሌይካ በር ላይ ተቀበለችው።

«ድሬዳዋ እህቷ ጋ ገባች። ትምህርት ይብቃኝ ብላ ደብተሯን ልትጥል ስትል እኔ አስቀረሁት» አለችና ሰጠችው።

እዚያው ቆሞ ገለጠው። አበቡ ማካፈሉን ብቻ አልነበረም የሠራችው። 9901ን ራሱን በሁለት ጀምራ እስከ ዘጠና ሰባት ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ ፈትናዋለች፤ ከሥሩም «ይሄም ብቸኛ ነው፣ መቶ አንድም ብቸኛ ነው። ዓርብ ለጋሼ ላሳያቸው» ብላ ጽፋ፣ የመጨረሻዋን ሐሳብ መልሳ ሰርዛዋለች።

በነጋታው ዓርብ ነበርና ተክለወልድ ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ፣ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አበቡ ልክ ነበረች» አለ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ይህንኑ የሚነግር የይቅርታ ደብዳቤ ጽፎ፣ ከደብተሩ ጋር፣ ድሬዳዋ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ለሆነው ለጌቾ ሰጠው።

ጌቾ በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰ።

«አገኘሃት?»

«አገኘኋት። ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።»

«ምን አለች?»

ጌቾ አንገቱን ደፋ። «‹ተማሪዎቹ ፊት ያሉትን እኔ በነበርኩበት ቢናገሩት ኖሮ...› አለች። ደብተሩን ግን አልቀበልም ብላ መልሳ ሰጠችኝ፤ ይኸው።»

ተክለወልድ ደብተሩን ተቀበለና ጌቾን ግባ እንኳ ሳይለው ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ።