ልሙጡ ግድግዳ

ቀለም ቀቢው ኡስታ ኢሳ ግድግዳን በዓይኑ አያምንም። ለለቅሶም ይሁን ለሠርግ ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታውን ሳይጨርስ መዳፉ ግድግዳው ላይ ነው፤ ይዳብሳል፣ ከዚያ ፊቱን ያጨማድዳል። ሚስቱ ናስራ በዚህ አመሉ ስንት ጊዜ አፍራለች። «ልታጽናና ነው የመጣኸው ወይስ ልትመረምር?» ትለዋለች።

በሰፈሩ በሐጅ ዩሱፍ ቀለም የሚለቀልቅ ሞልቷል፣ ቀለም ቀቢ ግን ጥቂት ነው ባይ ነው። እናቱ ከወሎ መጥተው በካርቱም የሰው ቤት ሲያጸዱ የኖሩ፣ አባቱ ሱዳናዊ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ኦምዱርማን ከአንድ ቁጡ ሽማግሌ ዘንድ ሥራ ገብቶ ስድስት ወር ሙሉ ብሩሽ ሳይነካ ግድግዳ ብቻ ፋቀ። ሽማግሌው ያስተማሩት ቀለም የመጨረሻው ሥራ መሆኑን ነው። ግድግዳ መጀመሪያ ይታጠባል፣ የተላጠው ይፋቃል፣ ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈናል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ከዚያ አምፖል ከጎን ይጠጋና ጥላ የሚጥል እብጠት ይፈለጋል። ጥላ ከተገኘ እንደገና ማሸት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ሠራ። በጦርነቱ ጊዜ ማን ቤት ያስቀባል? በአህያ ጋሪ ውሃ እየሸጠ ከረመ። ሰው መመለስ ሲጀምር ግን ስልኩ ዕረፍት አጣ።

ከደወሉት አንዷ መዋዳ ነበረች፣ ከካይሮ። ካርቱም ዐማራት ሰፈር ያለው የእናቷ ቤት ጥይት በስቶታል፣ ወጥ ቤቱም ጠቁሯል። «ጦርነት ያላየው ቤት አድርግልኝ» አለችው።

በሩን የከፈተችለት ሉጥፊያ ናት፣ እዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የሠራች የወሎ ልጅ። ጦርነቱን ከሸሸችበት ከገዳሪፍ ከተመለሰች ሳምንቷ ነው። ኢሳ የእናቱን አማርኛ እየሰባበረ ሲያወራት ደስ አላት፤ የቤቱን ጉዳይም ሳትደብቅ ነገረችው።

«የመዋዳ እናት፣ ሐጃ በኺታ፣ ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት አለፈው፣ ኡስታ። እዚህ ግን ማንም ሳይዛቸው ነበር የሚሄዱት። ካይሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ወላሂ ልባቸው ደረቀ። በመጪው ሳምንት ቅዳሜ ይመጣሉ፤ መዋዳ ግን አምስት ቀን ነው የሰጠቻቸው።»

«አምስት ቀን ለምን?»

«እስከ ሐሙስ ብቻቸውን ከመኝታቸው ወደ መታጠቢያውና ወደ በሩ ከሄዱ፣ እኔ ጋ ይቀራሉ። ካልቻሉ ኻላስ፣ በቃ፣ ይዛቸው ትመለሳለች። ትኬቱን ለሁለት ሰው ይዛለች።»

ኢሳ ይህን ሲሰማ እናቱን አስታወሰ። ሴትዮዋ ቀለሙን አያዩትም፤ እጃቸው ግን ያያል። እንግዲያው ለእጃቸው እንደ ሐር የለሰለሰ ግድግዳ ይሠራል።

ሥራውን ከወጥ ቤቱ ጀመረ። ጥላሸት ላይ ቀለም የደረበ ሰው በወሩ ቢጫው ይወጣበታል፣ ስለዚህ በሳሙና ውሃ፣ ውሃው እየወረደ እንዳያዥጎረጉረው ከታች ወደ ላይ አጠበው። የጥይቱን ቀዳዳ እንዳይሰነጠቅ ሁለት ጊዜ ደፈነው። የካርቱም ፀሐይ ቀለሙን ሮሎው ላይ ስለምታደርቅ ጠዋት በምዕራብ፣ ከሰዓት በምሥራቅ በኩል ጥላዋን እየተከተለ ቀባ። ከሁሉ ይልቅ የደከመበት መተላለፊያው ነው። እዚያ ጥይት ያልሠራው ብዙ እንከን ነበር፤ የድሮ ችንካር ቀዳዳ፣ የተፈነከተ ማዕዘን፣ ከዕቃ ቤቱ በር ቀጥሎ ማቀዝቀዣ ሲያስገቡ የቦረቦሩት ጉድጓድ፣ ረጅም ስንጥቅ። አንዱንም አልማረም። ሲጨርስ አምፖሉን አስጠጋ፤ ጥላ የለም። ሉጥፊያ በጣቷ ነካችውና «እንደ እንቁላል ነው» አለች።

ሐጃ በኺታ ከመዋዳ ጋር ቅዳሜ ገቡ። ኢሳ የቀረ የመስኮት ፍሬም ነበረውና በማግስቱ ሲመጣ፣ አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለዋል። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ፋሻ አለ።

«ለሶላት ውዱእ ሊታጠቡ ብለው ተነሥተው ዕቃ ቤት ገቡ፤ ጣሳ ላይ ወደቁ» አለች ሉጥፊያ በሹክሹክታ። «ማታም መተላለፊያው መሐል ቆመው ‹የማን ቤት ነው ያመጣችሁኝ?› አሉ። ግድግዳውን ይዳብሱታል፤ አይናገርም ይላሉ። እኔ ለመደገፍ ይመስለኝ ነበር የሚነኩት።»

ኢሳ ገባው፤ መንገዱን ይነግሯቸው የነበሩት እሱ የደፈናቸው እንከኖች ናቸው። ገብቶትም ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። «ይለምዱታል።»

«እስከ ሐሙስ?»

ኢሳ ፍሬሙን ትቶ ብሩሹን ውሃ ውስጥ አስቀመጠና ወደ አሮጊቷ ገባ።

«ሐጃ፣ ግድግዳውን ያለሰለስኩት እኔ ነኝ። ለእጅዎ ብዬ ነበር።»

ሐጃ በኺታ ወደ ድምፁ ዞሩ። «ለእጄ ብለህ እጄን አሳወርከው፣ ልጄ» አሉ። ቁጣ የለባቸውም፤ እሱን የቆረጠው ይኼ ነው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«ምን የት እንደነበረ ይንገሩኝ» አለ።

ክንዱን ይዘው ወጡ። ከመኝታ ቤቱ በር አራት እርምጃ፣ የችንካሩ ቀዳዳ። ቁመቱን ሉጥፊያ አወቀችው፤ ስትወለውል ጨርቋን የሚይዘው እዚያ ነበር። ኢሳ ስፓቱላውን አነሣ። በሠላሳ አራት ዓመት የራሱን ልሙጥ ግድግዳ ቦርቡሮ አያውቅም፤ የመጀመሪያው ጭረት ከበደው። ሁለተኛው ቀለል አለ። ከዚያ ወፈር ያለ ስቱኮ ይለጥፋል፣ ሐጃ በኺታ እርጥቡ ላይ ይጫኑታል፦ የውጭው በር አጠገብ በአንድ አውራ ጣት፣ ከዕቃ ቤቱ በር ቀጥሎ በሦስት ጣት፣ መታጠቢያው ጋ በመዳፋቸው ጥግ።

«የጥይቶቹንስ?» አለ ኢሳ።

«እነሱን ተዋቸው። አላውቃቸውም።»

መዋዳ ስልኳን እንደያዘች ከክፍሏ ወጥታ ክው አለች። «ያ ኡስታ፣ ምን እያደረግህ ነው? ትናንት ነው እኮ የጨረስከው!» ክፉ ልጅ አይደለችም፤ እናቷ ብቻቸውን ወድቀው ሰው ሳያገኛቸው መቅረትን ነው የምትፈራው። ሐጃ በኺታ በስቱኮ የነጣ እጃቸውን ሳያወርዱ «አትረብሺን፣ ሥራ ላይ ነን» አሏት።

በማግስቱ ኢሳ ጠባቡን ብሩሽና ጥቂት ቀለም ይዞ፣ የደረቀውን ስቱኮ ሊቀባ ማልዶ መጣ። አንኳኳና ጠበቀ። ሉጥፊያ ሮጣ የምትከፍት ናት፤ ዛሬ ግን ዝግ ያለ ኮቴ ሰማ፣ ከኮቴው ጋር ግድግዳ የሚዳብስ እጅ። ኮቴው ቆመ። እንደገና ሄደ። በሦስተኛው ማቆሚያ ላይ ኢሳ ጆሮውን ወደ በሩ አስጠጋ።

በሩ ተከፈተ። ሐጃ በኺታ ብቻቸውን ቆመዋል፤ ፊታቸው ከውዱእ ገና እርጥብ ነው።

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ» አሉ። «ሁለቱም ተኝተዋል።»

ከትከሻቸው በላይ ሲያይ መዋዳ ባዶ እግሯን መተላለፊያው ጫፍ ላይ ቆማለች። አልተኛችም፤ ከመኝታቸው ጀምራ ድምፅ ሳታሰማ ስትከተላቸው ነበር። እንባዋ እየወረደ፣ እንዳይናገር ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችለት።

ኢሳ ብሩሹን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቀረ።

«ምን ይገትርሃል? ግባ» አሉት አሮጊቷ። «ቀለሙን ግን ስስ አድርገው፤ ጉድጓዶቼን እንዳትደፍንብኝ።»