የደስታዬ ዘበኞች

ደስ ሲለኝ የሚደነግጡ አሥራ አንድ ሴቶች አሉ። የጽዋ ማኅበርተኞቼ ናቸው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ በልደታ ዕለት፣ በየተራ አንዳችን ቤት እየተሰበሰብን እንዘክራለን፤ ጽዋው ደግሞ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት ስለሆንን ለእያንዳንዳችን በዓመት አንድ ወር ይደርሰናል። የእኔ ጥር ነው። ጥርን እንዴት እንደምወደው ባላወራ ይሻላል፤ ሳወራ ፈጠን ፈጠን እላለሁ፣ ያን ጊዜ ይደነግጣሉ።

ለመደንገጥ ምክንያት አላቸው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለችው የጽሕፈት ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ በአገሩ ያለ ክስ ሁሉ በእኔ ማመልከቻ እንደሚያልቅ ታየኝ። ለሰው ሁሉ በነጻ መጻፍ ጀመርኩ። ከሳሽና ተከሳሽን አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ላስታርቅ ተነሣሁ፤ አንዱን ጉዳይ እንዲያውም አስታርቄዋለሁ፣ እስካሁን ሁለቱም ሰላም ይሉኛል። በአምስተኛው ቀን ግን ፕሪንተሬን ለአንድ ባለጉዳይ ሸልሜ፣ ጫማዬን ለሌላው ሰጥቼ፣ በባዶ እግሬ ወደ ተክለ ሃይማኖት ስገሰግስ ተያዝኩ። ባይፖላር የሚባለውን የአእምሮ ሕመም ስም የሰማሁት ሆስፒታል ከገባሁ በኋላ ነው።

እነዚሁ ሴቶች የማኅበሩን ተራ ወደ ሆስፒታሉ አዞሩት። አንዷ ሰኞ፣ አንዷ ማክሰኞ እየተባባሉ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ምሳ አመላለሱልኝ። የንስሐ አባቴም መጡ። እኔ ጸበሉ ይበቃኛል ብዬ ክኒኑን ምላሴ ሥር እደብቅ ነበር፤ ነርሷ ነግራቸው ኖሯል። "ጸበሉን ጠዋት በባዶ ሆድሽ ትጠጫለሽ፣ ክኒኑን ከቁርስ በኋላ ትውጫለሽ። ከዛሬ ጀምሮ ክኒኑ ቀኖናሽ ነው። ካስታጎልሽ መጥተሽ ትናዘዢያለሽ" አሉኝ። ስግደት የታዘዘበት ሰው አይቻለሁ፣ ጾም የታዘዘበትም አይቻለሁ፤ ቀኖናውን ከፋርማሲ የሚገዛ ሰው ግን ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ቢሆንም በጀኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥፋት የራሴ ነው። ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሟ ሕመሙ ሊመለስ ሲል የሚታዩትን ምልክቶች ነገረችኝ፤ ቅርብ ሰዎችሽም ቢያውቋቸው ጥሩ ነው አለች። እኔ ደግሞ ጸሐፊ አይደለሁ? ሱቄ ገብቼ ቁልጭ አድርጌ ጻፍኩት፦ እንቅልፍ መቀነስ፣ ያለ ማቋረጥ ማውራት፣ ገንዘብ መበተን፣ ትልልቅ እቅድ ማውጣት፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣት፣ ያለ ምክንያት መሳቅ። አሥራ አንድ ኮፒ አውጥቼ፣ ላሚኔት አድርጌ አደልኳቸው። የገዛ ክሴን ጽፌ ለከሳሾቼ ሰጠሁ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ እኔ ስስቅ አንዷ ቦርሳዋን ትከፍታለች። ሰላምታቸውም "እንዴት አደርሽ" መሆኑ ቀርቶ "ስንት ሰዓት ተኛሽ" ሆነ። ይህንንስ እሺ። ባለፈው ዓመት ግን ጥር ሲደርስ ጽዋው በአጠገቤ አልፎ ለሌላ ሰው ተሰጠ። "ለአንቺው እረፍት ብለን ነው" አሉኝ። ሆስፒታል የገባሁ ቀን እንኳ እንደዚያ አልከፋኝም። መታመሜን ለምጄው ነበር፤ ከተራው መዘለሉን ግን ልለምደው አልቻልኩም።

ዘንድሮ የታኅሣሥ ተረኛ ሙሴያችን ነበሩ። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን መሪ ነው፤ የእኛዋ ሙሴ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ጽዋውን ይዘው ሲያመነቱ ብድግ ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። አዩኝ፣ አዩኝና ሰጡኝ። "እከታተልሻለሁ" አሉ።

ጽዋ ቤቷ የገባ ሴት ምን እንደምትሆን ያላየ አያውቀውም። ጠላው እንዴት ሆነ እያልኩ ስለምነሣ እንቅልፌ ቀነሰ። ስልክ ላይ ዋልኩ። ዶሮ ገዛሁ፣ ቤት ሳልደርስ ተመልሼ ሌላ ጨመርኩ። በአንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤቱን ጨምሮ አርባ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ በወረቀት ላይ ነደፍኩ። ሽንኩርቱን አወፍራ የከተፈችብኝን ጎረቤቴን ተቆጣሁ። ሳቅኩም፤ ብቻዬን፣ ደረጃ ላይ፣ ብረት ድስት ታቅፌ።

በዋዜማው ሰባት ሰዓት ላይ ሙሴ ላሚኔታቸውን ይዘው ከች አሉ። መነጽራቸውን አድርገው ጠየቁኝ፤ እኔም አልዋሸሁም። ከስድስቱ ምልክት ስድስቱም ተገኘ። "ቁጭ በይ" አሉኝና ለንስሐ አባቴ ደወሉ።

ያኔ ሳቄ ጠፋ። ፈራሁ። ያኛውም ደስታ ሲመጣ በሽታ ነኝ ብሎ አልነገረኝም፤ ልክ እንደዚህ ነበር የሚያደርገኝ። ይሄኛውን ከዚያኛው በምን ለይቼ ልከራከርለት? ለሰው ሁሉ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ለራሴ የምለው አጣሁ።

አባ መጡ። ዝርዝሩን አንብበው ሲጨርሱ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሙሴ ዞሩ።

"ባለፈው ወር ጽዋው እርስዎ ቤት ነበር። በዚያ ሳምንት ስንት ሰዓት ይተኙ ነበር?"

"የምን እንቅልፍ አባቴ፣ ማን ሊሠራልኝ።"

"ወጪውስ?"

"እሱን እንኳ ተዉት።"

"እኔንም ዘግይተው መጡ ብለው ተቆጥተውኛል።"

ሙሴ መነጽራቸውን አወለቁ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

"አንቺ ገና አትሳቂ" አሉኝ አባ። "ክኒኑስ?"

"አንድ ቀን አላስታጎልኩም።"

"ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ?"

"አምስት።"

"ያንሳል። ለሐኪምሽ ደውዪ።"

ደወልኩ። ሐኪሟ ብዙ ጠየቀችኝ፤ በመጨረሻ ክኒኔን በሰዓቱ እንድውጥ፣ ዛሬ በደንብ እንድተኛና ሐሙስ ሄጄ እንድታየኝ አዘዘች። አባ ሰሙና እዚያው ቀኖና አደረጉት። "አሁኑኑ ትተኛለች። ወጡን እናንተ ትሠራላችሁ" አሏቸው ለሙሴ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሴቶቹ ሻሽ አስረው ቤቴን ሞሉት። አልጋዬንና ምድጃውን የሚለያቸው መጋረጃ ብቻ ነው። በጠራራ ፀሐይ እንደ ሕፃን ተገድጄ ተኝቼ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ስለ በርበሬው ሲጨቃጨቁ ስሰማ፣ አፌን በብርድ ልብስ አፍኜ ሳቅኩ።

"እየሳቀች ነው" አለች አንዷ።

"እኛስ ስንስቅ አይደል የዋልነው? ተያት" አሉ ሙሴ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም፣ እንቅልፍ ወስዶኛል።

በማግሥቱ ቤቴ ጢም አለ። የተቆጣኋት ጎረቤቴ ወሎዬ ሙስሊም ናት፤ ወንበሮቿን በሙሉ ተሸክማ አመጣችልኝና በሩ ላይ "አላህ ጤናሽን ያብዛልሽ" ብላ መረቀችኝ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። ዶሮው እንዳሰብኩት ተረፈ፤ ንድፌ ላይ አርባ ያልኩት ሰው ግን እንዳሰብኩት አልተቀመጠም፣ ግማሹ ኮሪደር ላይ ነው የበላው። እኔ እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ጽዋውን ለየካቲት ተረኛ ካስረከብኩ በኋላ ሙሴ የማኅበሩን መዝገብ ከፍተው የዓመቱን ተራ ማንበብ ጀመሩ። ታኅሣሥ ላይ ሲደርሱ ጆሮዬን አቆምኩ።

"ጥር" አሉ። "የዛሬ ዓመት፣ እዚሁ። ያድርሰን።"

"አሜን" አሉ ሴቶቹ ባንድ ድምፅ። ከተሻላት ያለ የለም። እስቲ እናያለን ያለም የለም።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ላቆመው ብል እምቢ አለኝ። ሙሴ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ላሚኔታቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

"ማልቀስ የሚል አልተጻፈም" አሉ። "አልቅሺ።"