ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው ሴት

ከአገር የወጣሁ ለታ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ውስጥ ሁለት አውቶቡስ ጎን ለጎን ቆሞ ነበር፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ ደጀን። ባሕር ዳር በሚለው እኔ ተሳፈርሁ፤ ከዚያ መተማ፣ ከመተማ ወዲያ እግዜር ያውቃል። ደጀን በሚለው እታለም ተሳፈረች። እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ያልጋነሽን ነው። ገና አልነጋም፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ረዳቶቹ የአገር ስም እየጠሩ ይጮኻሉ። በመስኮት አየችኝና እጇን አነሳችልኝ። እሷ ወደ ባሏ ቤት እየተመለሰች ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ዓይኔ እያለቀሰ ልቤ ደስ ብሎት ነበር።

ለምን ደስ እንዳለኝ ልንገራችሁና ፍረዱኝ። እታለም ከዚያ በፊት ሦስት ወር ሙሉ አኩርፋ እኔ ዘንድ ነበረች። ባሏ አያ ቢተው እጁ ፈጣን ነው። አንድ ቀን በለበሰችው ልብስ ብቻ በጓሮ ወጥታ፣ እኔ ወደተከራየኋት አንዲት ክፍል መጣች። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተላከባት፣ ሁለት ጊዜም አሻፈረኝ አለች። እኔ ደግሞ ለመሄድ ቆርጬ፣ እሷን ማን ላይ ጥያት እንደምሄድ ጨንቆኝ ነበር።

ሥራዬን የማታውቁ ካላችሁ፣ የቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ነበርሁ። ገበያው አጠገብ ባለችው የጋሽ መኳንንት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ማይክ ይዤ ከቴሌቪዥኑ ጎን እቀመጥና ሕንዱንም ቻይናውንም አሜሪካኑንም በአማርኛ አናግረው ነበር። ሕንድኛ አልችልም፣ ቻይንኛ አልችልም፣ እንግሊዝኛዬም ከትምህርት ቤት ደጅ አላለፈም። ፊት አይቼ ነው የምተረጉመው። ወንዱ ሲያፈጥ እዝታለሁ፤ ሴቷ አፏን ስትከፍት ድምፄን አቅጥኜ አለቅሳለሁ። ጋሽ መኳንንት «አበጀ፣ ሴቷን አስለቅሳት፤ ካላለቀሰች ሰዉ ተነስቶ ይወጣል» ይለኝ ነበር። አስለቀስኋት። ስንት ዓመት ሙሉ የስንቱን አገር ሴት አስለቀስሁ።

እታለም ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና ከገበያ ሴቶች ጋር ከኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። በመጨረሻዋ ቅዳሜ ያሳየነው የቆየ የሕንድ ፊልም ነበር። ባሏ ሲጮህባት የኖረች ሴት መጨረሻው ላይ ሻንጣ ይዛ በሩ አጠገብ ቆመች፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ትንሽ ነገር አስቀመጠች፣ ከዚያ ተናገረች። እኔም በማይኩ «ጌታዬ፣ እግርህ ሥር ልውደቅ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አታባርረኝ» አልሁ። ወጥታ ስትሄድ ደግሞ «አባረራት» ብዬ ጨረስሁት። ቤቱ ጸጥ አለ። አሪፍ ሠራሁ ብዬ ተኩራራሁ።

ያን ለት እራት ላይ እታለም «ሰኞ ደጀን እሄዳለሁ» አለችኝ።

«ታረቃችሁ እንዴ?» አልኋት።

«እሄዳለሁ አልሁህ እኮ» አለች። እኔም ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም፤ መንገዴ ተከፈተልኝ አልሁ። በሰኞው ንጋት ያ ሁለት አውቶቡስ የቆመው እንደዚህ ነው።

ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ ብዙ አልጽፍም። ያየው ያውቀዋል፤ ልጇ መንገድ ላይ ያለችባትን እናት ደግሞ ማስጨነቅ አልፈልግም። ተርፌ ጀርመን ገባሁ፣ ይበቃል። የጀርመንን ቢሮ ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች ሴትዮ ፊት ተቀመጥሁ፤ አጠገቤ ያገራችን ልጅ የሆነች አስተርጓሚ አለች።

«በአገርህ ሥራህ ምን ነበር?»

«ፊልም እተረጉም ነበር።»

«ከየትኛው ቋንቋ?»

«ከሁሉም።»

ሴትዮዋ ቀና አለች። «ስንት ቋንቋ ትችላለህ?»

«አማርኛ።»

አስተርጓሚዋ ሳቋ መጣባትና አፏን በወረቀት ሸፈነች። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አሰበች፣ ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ «ተዋናይ» ብላ ጻፈች። እስከ ዛሬ በጀርመን መንግሥት ወረቀት ላይ ተዋናይ ነኝ። የማጥበው ግን የሆቴል ሳህን ነው።

አገሩ ደህና ነው፣ አልዋሽም። ብርዱ የጮቄ ተራራ ብርድ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ከረፋድ በኋላም አይለቅም። ዳቦው ጥቁር ነው፣ ይኮመጥጣል፣ ጥርስ ይፈትናል፤ አሁን አሁን ሳጣው ይከፋኛል፣ እንዴት እንደለመድሁት አላውቅም። ሰዉ መንገድ ላይ ሲተላለፍ ጤና ይስጥልኝም፣ እንዴት አደርህም አይልም። መጀመሪያ ጊዜ የተጣላኋቸው መስሎኝ ነበር።

ክፍል ፍለጋ ስምንት ወር ዞርሁ። መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ፍራው ሂልደን ነው፤ ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ሴትዮ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ትራም ይነዱ ነበር። የቤት ውሉን፣ እነሱ ሚትፌርትራግ የሚሉትን፣ ፊቴ ዘረጉና እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው አስነበቡኝ። እሑድ ልብስ ማጠብ ክልክል ነው። ጠርሙስ ከወረቀት ጋር መጣል ክልክል ነው። መጨረሻ ላይ በእስክርቢቶ የተጨመረ መስመር ነበር።

«ይህስ ምንድን ነው?» አልኋቸው።

«በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ከምድር ቤት ሃያ አራት ወንበር ወደ አዳራሹ ታወጣለህ።»

«ሠርግ አለ?»

«ፊልም አለ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሂልደና ጎረቤቶቻቸው አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ፊልም ያዩና፣ ሴቶቹ እንዴት እንደተሣሉ ነጥብ ይሰጣሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀት ይታደላል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ጥያቄ ጥቂት ነው። ሴትዮዋ ስም አላት ወይ፣ የምትፈልገው ነገር ምንድን ነው፣ የምትፈልገውን በራሷ አፍ ተናግራለች ወይ። «ሠላሳ ዓመት ትራም ነዳሁ» ይላሉ ሂልደ፤ «በፊልም ውስጥ ያየኋቸው ሴቶች ግን ሁሉም ፌርማታ ላይ ቆመው ሰው የሚጠብቁ ናቸው።»

እኔ መጀመሪያ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ አሮጌው መጥፎ፣ አዲሱ ጥሩ። አንድ እሑድ አዲሱ ፊልም ላይ ቀሚሷን ለብሳ በመትረየስ ወንዱን ሁሉ የምታጭድ ሴት ነበረች። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ሂልደ ወረቀቴን አዩና «ስሟ ማን ነው?» አሉኝ። አሰብሁ፣ አላውቀውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ በስሟ የጠራት ሰው አልነበረም። አሮጌው፣ ባለጥቁርና ነጩ ፊልም ላይ ደግሞ ዳቦ ጋጋሪ ሴት ነበረች፤ ከዱቄት ነጋዴው ጋር ስትከራከር ብቻ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ጋሽ መኳንንት ቢሆን ያንን አሥር ደቂቃ ያዘልለው ነበር። ሂልደ የዚያን ቀን ከፍተኛውን ነጥብ ለሷ ሰጡ።

ሌላ ቀን ያገራችንን አዲስ ፊልም በስልኬ ይዤ ሄድሁና በትልቁ ስክሪን አሳየኋቸው። ፊልሟ አዲስ አበባ ነው፣ ቪላ ነው፣ መኪና ነው፤ ከጎጃም የመጣች አንዲት የቤት ሠራተኛ አለችበት። አፏን በከፈተች ቁጥር ሌሎቹ ተዋናዮች ይስቃሉ። ደብረ ማርቆስ ሳለሁ እንደሷ ባለችው ላይ ከሁሉ ጮክ ብዬ የምስቀው እኔ ነበርሁ።

«ምን ብላ ነው እንደዚህ የሚስቁባት?» አሉኝ ሂልደ።

«ምንም አላለችም» አልሁ። «እንደኔ ስለምትናገር ነው።»

አፈርሁ። እታለምን እያየሁ ያፈርሁ መሰለኝ፤ እታለምን ገበያ ላይ አንድም ሰው አታልሏት አያውቅም፣ በፊልም ግን እንደሷ የምትናገር ሴት ሁልጊዜ የምትታለለው ናት።

ከዚያ በኋላ ነው ሂልደ «አገርህ ሳለህ ያየኸው የማትረሳው ፊልም የለህም?» ብለው ጠይቀውኝ፣ የነገርኋቸውን ያንን የመጨረሻዋን ቅዳሜ የሕንድ ፊልም በስንት ፍለጋ ከቤተ መጻሕፍት ያመጡት። የጀርመንኛ ጽሑፍ ከሥሩ ይሄዳል። ካገር ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ጀርመንኛ አነባለሁ። ሴትዮዋ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም በልቤ የራሴን ትርጉም ማለት ጀመርሁ፤ ጌታዬ፣ እግርህ ሥር… ከሥር የወጣው ጽሑፍ ግን ይህ ነው፤ «ቁልፉ ይኸውልህ። አልመለስም። እራትህን ራስህ አሙቅ።»

ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው ትንሽ ነገር ቁልፍ ነበር።

ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ወረቀቴን ባዶውን ተውሁት። እታለም ያን ለት ከኋላው ወንበር ላይ ነበረች። ሰኞ ወደ አያ ቢተው ቤት ተመለሰች። ለሚደበድባት ባሏ የመለስኋት እኔ ነኝ፤ በማይክ፣ በራሴ አፍ፣ ያውም ደስ እያለኝ።

ሁለት ሳምንት ስልክ አልደወልሁም። ከዚያ በፊት በየሳምንቱ ስደውል «እንዴት ናችሁ?» እላታለሁ፣ «ደህና ነን፣ አንተ ራስህን ጠብቅ» ትለኛለች፤ ከበስተጀርባዋ የከባድ መኪና ክላክስ ይሰማል፣ መንገድ ዳር ናቸው እል ነበር። ለአያ ቢተው ሰላምታ እልክ ነበር። ሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ወደ አገር የሚገባ ሰው ሳገኝ ብርድ የማያስገባ ጃኬት ገዝቼ ልኬለታለሁ። ያንን ጃኬት ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር።

ሂልደ ወረቀቴን ባዶውን አግኝተውት ነበርና አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆሙኝ። ነገርኋቸው፤ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ፣ አንዳንዱን በእጄ ጭምር። ሰምተው ሲጨርሱ አላጽናኑኝም።

«እሷ ለምን እንደተመለሰች በራሷ አፍ ነግራሃለች?»

«አልነገረችኝም። ግን ግልጽ ነው።»

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «አሁንም እየተረጎምህላት ነው። ደውልና ጠይቃት።»

ጠርሙስ መጣያው አጠገብ ቆሜ ደወልሁ። እዚያ ወደ ማታ ነው። ክላክሱ ከሷ ድምፅ ቀድሞ መጣ።

«አበጀ? ታመምህ እንዴ? ሁለት ሳምንት ጠፋህ።»

«አልታመምሁም፣ እታለም።»

«ድምፅህ የታመመ ሰው ነው።»

ሁሉንም አፈሰስሁት። የሕንዱን ፊልም፣ ማይኩን፣ ጋሽ መኳንንትን፣ ጽሑፉን። «እኔ ነኝ የመለስሁሽ፣ ይቅር በይኝ» አልኋት። የምታለቅስ መሰለኝ። ከዚያ ለሌላ ሰው «ሚጥሚጣው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አታይም?» አለች፣ ቀጥላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ዘመኔ።

«አንተን ሰምቼ የሄድሁ መስሎህ ነው?»

«አልሰማሽኝም?»

«ኧረ ምን ነካህ? እኛ ከኋላ ያለን ሴቶች እኮ አንተን መስማት ከተውን ቆይተን ነበር። ፊቷን ነው የምናየው። አንተ ታለቅሳለህ፣ ሴትዮዋ አታለቅስም። ዓይን የለንም? እርስ በርሳችን በሹክሹክታ እንተረጉም ነበር። አንተ ደግሞ ስትጮህ ጆሯችንን ታደነቁረናለህ።»

«ታዲያ ለምን ተመለስሽ?»

«ያስቀመጠችው ቁልፍ እንደሆነ አየሁ» አለች። «ሻንጣዋን ይዛ፣ በፊት ለፊት በር፣ ቀስ ብላ ነው የወጣችው። እኔ በጓሮ ነበር የወጣሁት፤ በለበስሁት፣ እንደ ሌባ። እራት እስኪደርስ ይህንኑ ሳስብ ቆየሁ። ተመልሼ በፊት ለፊት በር ልወጣ ነው የሄድሁት።»

ሽማግሌዎቹ ለዕርቅ የመጣች መስሏቸው አብረዋት ገቡ፤ እሷ ግን ለፍቺው ምስክር አደረገቻቸው። እነሱ እዚያው ስላሉ አያ ቢተው እጁን ማንሳት አልቻለም። የመሬት ደብተሩ ላይ የሷም ፎቶ አለ። ስድስት ወር ቀበሌና ፍርድ ቤት ተመላልሳ መሬቱን እኩል ተካፈለች፣ ድርሻዋን አከራየች፣ ደጀን መንገድ ዳር ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት ከፈተች። የምሰማው ክላክስ የደንበኞቿ ነው።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እናታችን አስምላኝ ነዋ። ሰው አገር ያለን ልጅ በፍቺ ወሬ አታስጨንቂው አለችኝ። አንተም ሰላምታህን ስትልክ ዝም ብዬ እቀበላለሁ።»

«ጃኬቱስ?»

«ለብሼዋለሁ፣ አሁንም። ደጀን ብርድ ነው፣ አመስግነናል።»

ጠርሙስ መጣያው ላይ ተደግፌ ሳቅሁ፣ ዕንባዬም መጣ፤ የሚያልፈው ጀርመን ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሳልኝ። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

«እና ሴትዮዋ ምን ነበር ያለችው? እውነተኛው?» አለችኝ።

«ቁልፉ ይኸውልህ። አልመለስም። እራትህን ራስህ አሙቅ።»

አሰበችበት። «ጥሩ ነው። ያን ለት እኔ በሹክሹክታ ያስባልኋት ግን ከዚህ ይበልጣል።»

«ምን ብለሽ ነበር?»

«በስልክ አይሆንም። ስትመጣ እነግርሃለሁ።»

«እታለም፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም። እስኪያልቅ መውጣት አልችልም፣ መቼ እንደሆነም አላውቅም።»

«ዘጠኝ ዓመት የቆየ ነገር አይበላሽም፣ አስቀምጥልሃለሁ» አለች። ከኋላዋ አንድ ሾፌር «እትዬ፣ ሒሳብ» ሲል ሰማሁ። «መጣሁ» ብላው ስልኩን ዘጋችው።