አራት ወንበርና የግድግዳ ሰዓት

ኮረሪማ በሸተተኝ ቁጥር ያ የግድግዳ ሰዓት ጆሮዬ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። አሁንም አለኝ፤ ቆሟል፣ ግን አልጣልኩትም። እናቴ ሚዛን ገበያ ኮረሪማ ትሸጥ ስለነበር ቤታችን ሁሉ፣ ሰዓቱ ሳይቀር፣ ኮረሪማ ኮረሪማ ይል ነበር።

አባቴ ሳይሞት የገዛቸው አራት ወንበር፣ አንድ ሬዲዮና ይኸው ሰዓት ነበሩን። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ቤት ግን ከመደብና ከሰሌን በቀር ምንም አልነበረም። አባትየው ትልቁ እርሻ ላይ ቡና ለቃሚ ነበር፤ ሴት ልጁ ደግሞ ጓደኛዬ። የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ለአራት ተጣብቀን እንቀመጣለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህሩ ማስተማሩን ትቶ በመስኮት ያያል። እሷ ግን ሰሌዳው ላይ ካለው ብቻ ገብቷት ማታ እኔን ታስረዳኝ ነበር። ከእኔ በጣም ትበልጥ ነበር። ይህን የምለው ትሑት ለመምሰል አይደለም።

የካቶሊክ ሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ከየሰፈሩ ለአንድ ደሃ ልጅ የነጻ ትምህርት ወረቀት ይሰጥ ነበር። ከእኛ ሰፈር እኔ አባት ስለሌለኝ፣ እሷ ጎበዝ ስለሆነች ታጨን። ፈረንጇ ሲስተር የሁለታችንንም ቤት አይታ አንዳችንን ልትመርጥ ሆነ።

የሚሲዮኑ ዘበኛ ገበያ ላይ ለእናቴ ሹክ አላት፤ ሲስተሯ የምታየው ማን የባሰ ደሃ እንደሆነ ነው። የጓደኛዬ እናት ይህን አልሰማችም። ለእሷ እንግዳ ቤትሽን ሊያይ መጣ ማለት ሊያከብርሽ መጣ ማለት ነው። በጉብኝቱ ዋዜማ ደጃችን ላይ ቆመች።

"እትዬ፣ ወንበር ያውሱኝ" አለች። "ፈረንጅ መሬት ላይ አይቀመጥም።"

እናቴ ወንበሮቻችንን አየት አደረገችና "ሁሉንም ውሰጂ" አለቻት።

ወንበሮቹ ወጡ፣ የጠረጴዛው ልብስ ወጣ፣ ሬዲዮኑን እናቴ ራሷ አቅፋ አደረሰችላት። እስከዚህ ድረስ የእናቴ ሥራ ነው ማለት እችላለሁ። ሰዓቱን ግን ከምስማሩ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም። "ይሄም ያምራል" ብዬ ለጓደኛዬ ስሰጣት ደስ ብሏት ሳመችኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የማደርገውን ጠንቅቄ አውቅ ነበር።

በማግስቱ ሲስተሯ መጀመሪያ እነሱ ቤት ገባች። ያለቻቸውን አንዲት ዶሮ አርደውላታል። ከአጥሩ ማዶ የሬዲዮናችን ዘፈንና ሳቃቸው ይሰማኝ ነበር። እኛ ቤት ስትመጣ ባዶው ወለል ላይ የኮባ ቅጠል አንጥፈን ተቀምጠናል። ባዶውን ምስማር አየችው። ሸጠን የበላን መስሏት ነው መሰለኝ፣ የእናቴን እጆች ጥብቅ አድርጋ ያዘች። እናቴ አለቀሰች፤ የእውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ሰዓቱንና ሬዲዮኑን አምጥታ፣ ወንበሮቹንም አንድ በአንድ በራሷ ተሸክማ መለሰች። እኛ ሲስተሯን ምን ላይ እንዳስቀመጥናት ጠየቀችኝ። መሬት ላይ አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ።

"በእኛ ምክንያት አፈራችሁ" ብላ ወንበሩን እንደያዘች አለቀሰች። ወንበሩን ተቀብያት ወደ ቤት ገባሁ።

ወረቀቱ ለእኔ መጣ። ሰማያዊ ሹራብ ለብሼ በሚሲዮኑ በር ስገባ እሷ እዚያው ዴስክ ላይ ለሦስት ቀረች፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቅርጫት ይዛ ወደ እርሻው ወረደች። እናትዋ ግን ምናልባት ዶሮው ጨው አንሶት ይሆናል፣ ምናልባት ወንበሩ አልተመቻት ይሆናል እያለች ስትቆጭ ኖረች።

አምና ቴፒ መናኸሪያ አገኘኋት። እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሹራብ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ የእሷ ጣቶች ጠቁረው ተሰነጣጥቀዋል። አጠገቧ የቆመችውን ልጇን ወደ እኔ ገፋ አደረገቻት።

"ሳሚያቸው" አለቻት። "ለእኛ ብለው መሬት ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው።"

ጎንበስ ብዬ ለልጅቷ ጉንጬን ሰጠኋት።