የቁጥር ሁለት ኩሬ ዓሣዎች

ስሜ እንደሻው ነው፤ አሰላ የተመደብኩ የዓሣ ተመራማሪ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ብርዱን ያስታውሰኛል። የባሕር ዳር ልጅ ብሆንም ዋና አልችልም። ይህን ለማንም አልናገርም ነበር፤ አንድ ቀን ከጉልበቴ በማያልፍ ኩሬ ውስጥ ወድቄ “ድረሱልኝ!” ብዬ ጮኼ ተጋለጥኩ።

ጎትተው ያወጡኝ የኩሬዎቹ ባለቤት ወይዘሮ የውብዳር ናቸው። ከአሰላ አጠገብ፣ ሳጉሬ ከተማ ዳር ባለው ማሳቸው ላይ ሁለት ኩሬ አስቆፍረን፣ ካርፕ የሚባለውን ብርድ ቻይ ዓሣ ጨመርንባቸው። ቁጥር አንድ ኩሬ እኔ ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ የቀመምኩትን መኖ ይበላል። ቁጥር ሁለት ምንም አይሰጠውም፤ ኩሬው ያበቀለውን ይለቅማል። በስድስት ወር የቁጥር አንዶቹ በልጠው ካደጉ፣ እኔም ዘጠኝ ዓመት ከተጣበቀብኝ “ረዳት” ከሚለው ቃል እገላገላለሁ። ለእናቴማ ዕድገቱ እንደተሰጠኝ አድርጌ በስልክ ነግሬያታለሁ።

“ሁለተኞቹ ምን አጥፍተው ነው?” አሉኝ ወይዘሮ የውብዳር በመጀመሪያው ቀን።

“ለማነጻጸሪያ ነው እትዬ። ሳይንስ ነው።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም የተስማሙ መሰለኝ።

በየሐሙሱ የውኃውን ሙቀት ልለካ ስሄድ ጠላ ጠምቀው ይጠብቁኛል። “እንዲህ ያለ ጠላ አሰላ ከተማ ውስጥ የለም” ባልኳቸው ቁጥር የሚጠምቁት ይጨምራል። ሦስት ጣሳ ለትሕትና እጠጣለሁ፤ አራተኛው ግን ለትሕትና አልነበረም።

በአራተኛው ወር ስመዝን የቁጥር ሁለት ዓሣዎች በለጡ። ሚዛኑን ቀየርኩ። በአምስተኛው ወር ይብሱን በለጡ። መኖዬን ራሴ ቀመስኩት፤ ከዚያ በኋላ በዓሣዎቹ መፍረድ አልቻልኩም።

አለቃዬ ዶክተር ሃዊ ውጤቱን ልታይ የምትመጣበት ቀን ደረሰ። በማለዳ ቀድሜያት ሄጄ የሁለቱን ኩሬዎች ሰሌዳ ነቅዬ አቀያየርኩ። መዝገቡን የምይዘው በእርሳስ ነው፤ ላጲስ ደግሞ ሳጉሬ ሱቅ ሁሉ አለ። በማንም ላይ ላላክከው አልችልም፣ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ዶክተር ሃዊ “አካም ጂርቱ” ብላ ወይዘሮ የውብዳርን ሰላም አለቻቸውና ወደ ኩሬዎቹ ተጠጋች። እሳቸው ግን ሰሌዳውን ቀድመው አዩት።

“እንዴ እንደሻው፣ ተቀያይሮብሃል እኮ! መኖ የማይሰጣቸው እነዚያ ወፍራሞቹ ናቸው።”

“መኖ ሳይሰጣቸው እንዴት ወፈሩ?” አለች ዶክተር ሃዊ።

“ጎረቤቶቻቸው እየበሉ እነሱ ሲራቡ ዝም ብዬ ልይ? አተላ እሰጣቸዋለሁ።”

“በየሳምንቱ አተላ ከየት ይመጣል?”

ወይዘሮ የውብዳር በፍቅር ወደ እኔ አዩ። “ለእሱ ስጠምቅ ነዋ! ከላሞቹ ቀንሼ።”

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዶክተር ሃዊ መዝገቡን ተቀብላኝ በላጲስ የተፋቀውን ገጽ ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።

“በስድስት ወር ስንት ጣሳ ጠጣህ?” አለችኝ።

የውኃውን ሙቀት እስከ ነጥቡ ድረስ የመዘገብኩት ሰውዬ ጣሳውን ግን አልቆጠርኩም ነበር። መዝገቡን መለሰችልኝ። ሙከራው እንደገና እንደሚጀመር፣ አሁን የሚመረመረው አተላው እንደሆነ፣ የእኔ ዕድገትም እንደቀረ ነግራኝ ወደ መኪናው ሄደች።

ለእናቴ ምን እንደምላት እያሰብኩ ሰሌዳዎቹን ወደ ቦታቸው እመልስ ጀመር። ወይዘሮ የውብዳር ሆን ብዬ እንዳቀያየርኳቸው አሁን ገብቷቸዋል፤ ከፊታቸው ያስታውቃል። ቤት ገቡና ጠላ በጣሳ ይዘው ተመለሱ።

“ዛሬስ አይገባኝም እትዬ” አልኳቸው።

“ለእነዚያ ዓሣዎችም እኮ አይገባቸውም ብለህ ነበር” አሉኝ። “ያዝ!”

ተቀብዬ ጠጣሁ። ከዚያ መዝገቡን ገልጬ፣ በእስክሪብቶ፣ “አንድ ጣሳ” ብዬ ጻፍኩ።