ወደ አልቶና ረግረግ፦ ከሚሸሽ ባሕር ጋር እሽቅድምድም

ትሩጋኒና፣ ከሜልቦርን ዳር፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ጎሕ እንደቀደደ ከቤት ወጣሁ። የመጋዘኖቹ መብራት ገና አልጠፋም፤ ከባድ መኪኖች አደባባዩን ከበው ተሰልፈዋል። ከእነዚህ መጋዘኖች በአንዱ ነው የምሠራው። ዕቃ እለቅማለሁ፣ እስካን አደርጋለሁ፣ ካርቶን አሽጋለሁ። አገር ቤት ሳለሁ ግን ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሰባት ዓመት የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነበርኩ። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም፤ ያለዚህ የዛሬው ጉዞ ትርጉም ስለማይኖረው ነው።

አልቶና፣ ባሕሩ ዳር ያለው ረግረግ ላይ፣ በየወሩ የማኅበረሰብ ቀን ይዘጋጃል። ስለ ዓሣ ማጥመድ ሕግ፣ ስለ ረግረጉና ስለ ወፎቹ በነጻ ያስተምራሉ፤ በአማርኛ ግን አስተምረው አያውቁም። አስተባባሪዋን ጃኔትን ለሦስት ወር በኢሜይል ስጨቀጭቃት ከርሜ በመጨረሻ፣ "እንሞክር። ቢያንስ ስምንት ሰው ይዘሽ ነይ። ከተሳካ በክፍያ እንቀጥርሻለን" አለችኝ። የቅዳሜ ሺፍቴን ካንስል አደረግሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስለ ዓሣ ለመናገር የሚከፈለኝ ሥራ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ችግር አለ። ትምህርቱ የሚሰጠው ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ ነው፤ ዛሬ ደግሞ በጣም የሚሸሸው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃው ይመለሳል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሚኒባስ መጣች። ሾፌሩ ወንድም ኤፍሬም ነው፤ ከኋላው እኛው ሰፈር ያሉ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። አልቶና ከቤቴ ሃያ ደቂቃ ነው። እኛ ግን የቀሩትን ሰዎች ለማንሳት ጀርባችንን ለባሕሩ ሰጥተን ወደ ከተማ ነዳን።

ኬንሲንግተን፣ አንድ ሰዓት

ጋሼ ደምሴ በር ላይ የሉም። ደወልኩ። አላነሱም። ደግሜ ደወልኩ። ሕንጻው ውስጥ ገብቼ፣ ሊፍት ጠብቄ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ። ጋሼ በፒጃማ ከፈቱልኝ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ከጡረታ በፊት የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ።

"ምነው ሰናይት? በደህና ነው በጠዋት?"

"ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ብዬዎት አልነበር?"

"አዎ፣ አንድ ሰዓት። ከምሳ በኋላ።"

"በእኛ አቆጣጠር ነው ያልኩዎት!"

"በእኛ? እዚህ አገር ስንት ዓመቴ! እኔ በፈረንጅ መስሎኝ።"

ይኸው እንግዲህ። አንዱ በሀበሻ ይቆጥራል፣ ሌላው በፈረንጅ፤ መሐል ላይ ያለነው እንቃጠላለን። ጋሼ ታጠቡ፣ ለበሱ፣ ጸለዩ፣ ኮፍያቸውን ፈለጉ። ሰላሳ አምስት ደቂቃ። እኔ ሳሎን ቆሜ በስልኬ የባሕሩን ሰንጠረዥ እያየሁ ከንፈሬን እነክሳለሁ። አንቱ የሚሉትን ሰው "ቶሎ በል" ማለት አይቻልም፤ "ቢፈጥኑልኝ" ነው የሚባለው፣ እሱም እየተፈገገ።

ኖርዝ ሜልቦርን፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ

እትዬ ብርቄ ከጓደኛቸው ጋር መንገድ ዳር ቆመዋል፤ ሁለት ፌስታል ሳንቡሳ ይዘዋል። ሦስት ተማሪዎችም አብረዋቸው አሉ። ተመስገን፣ ስምንት ሞላን። መኪናው ሲነሳ እትዬ ብርቄ፣ "ዓሣውን የሚሰጡን እዚያው ነው ወይስ አጽድተው?" አሉ።

"የምን ዓሣ?"

"ፓስተሩ የዓሣ ቀን ነው ሲሉ ሰማኋ።"

"እትዬ፣ ትምህርት ነው።"

"ትምህርት ብቻ?" ብለው ጓደኛቸውን አዩ። ጓደኛቸው ባዶ የበረዶ ሣጥናቸውን በእግራቸው ወደ ወንበሩ ሥር ገፉት።

ዌስት ጌት ድልድይ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ሁለት መስመር ለጥገና ታጥሮ መኪናው ሁሉ እንደ ኤሊ ይሳባል። ከታች ወደቡ ይታያል፣ ኮንቴይነሮቹ፣ ክሬኖቹ፣ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊው ባሕር። ኤፍሬም ረጋ ብሎ መዝሙር ያንጎራጉራል።

"አይዞሽ እህቴ፣ ጌታ ያደርሰናል።"

"ጌታ ያደርሰናል፤ ባሕሩ ግን አይጠብቀንም!"

ጊዜው እንዳይባክን እዚያው ማስተማር ጀመርኩ። ዓሣ በመንጠቆ ለማጥመድ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ግን እንደማይጠየቅ ነገርኳቸው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። "እኔን አይመለከተኝም ማለት ነው?" አሉኝ። አዎ አልኩና ልቀጥል ስል መንገዱ ተከፈተ፤ ኤፍሬምም ነዳው። ወሬው እዚያ ላይ ተቆረጠ።

አልቶና፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል

አርባ ደቂቃ ዘግይተናል። ነፋሱ የጨውና የበሰበሰ የባሕር ሣር ሽታ ይዞ መጣ። ጭቃው ገና ሰፊ ነው፤ ውሃው ግን ከሩቅ ቀጭን ጠርዙን እያሳየ መመለስ ጀምሯል። የድንቢጥ ያህል የሆኑ ወፎች በመንጋ ሆነው ጭቃውን በምንቃራቸው ይወጋሉ።

ጃኔት ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ቆማለች። አጠገቧ አንድ የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪ አለ፤ ሊታዘበን የመጣ። ሰዓቷን አየችና ደብተሯ ላይ ጻፈች። ያ ከስድብ ይከፋል።

ወረቀቴን አውጥቼ ጀመርኩ። "ረግረግ ማለት በየብስና በውሃ መካከል የሚገኝ ሥነ ምህዳር ሲሆን..." ተማሪዎቹ ስልካቸውን አወጡ። እትዬ ብርቄ ሳንቡሳ ማደል ጀመሩ። የኔው ድምፅ ለራሴም ሰለቸኝ። ያኔ ነው ከጉባኤው አንድ ሰው መጉደሉን ያየሁት።

ጋሼ ደምሴ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ድንጋዮቹ መሐል አጎንብሰው፣ ውስጡ ሕይወት ያለው ዛጎል እየነቀሉ ፌስታል ይሞላሉ። ከባሕሩ ዳር ዛጎል መልቀም ደግሞ እዚህ ክልክል ነው፤ ቅጣት አለው። ተቆጣጣሪውም አይቷቸው ወደዚያ መራመድ ጀምሯል።

ሮጥኩ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ።

"ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?"

"የልጄ ሚስት ሾርባ ትሠራበታለች። እንዴት ያለ በረከት ነው! ለቃሚ አጥቶ እንዲሁ ተኝቷል።"

"ክልክል ነው!"

"ሰባ ዓመት ያለፈው አይጠየቅም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

እዚህ ላይ ከንጋት ጀምሮ የያዝኩት ሁሉ ገነፈለ።

"ይበቃል! ጠዋት ያስጠበቁኝ አይበቃም? ሦስት ወር የደከምኩበትን በአንድ ፌስታል ያፈርሱብኛል? ይመልሱት! አሁኑኑ ይመልሱት!"

ጩኸቴ ወፎቹን አስነሳ። ሁሉም ዞሮ አየን። ቁጣዬ እንኳ በአንቱታ ነበር የወጣው፤ ግን በአባቴ እኩያ ሰው ላይ መጮሄ አልቀረም። ጋሼ በርከክ አሉና ዛጎሎቹን አንድ በአንድ ወደነበሩበት ድንጋይ ሥር መመለስ ጀመሩ። ተቆጣጣሪው ደርሶ ፌስታሉ ባዶ እስኪሆን ቆሞ ጠበቀ። "ይዘውት ቢሄዱ ኖሮ እቀጣቸው ነበር፤ ንገሪያቸው" ብሎኝ ተመለሰ።

ጋሼ ሳይነሱ ቀና ብለው አዩኝ። "ለምን እንደሆነ ንገሪኛ። ሕጉን ሰማሁ። ምክንያቱ ምንድን ነው?"

ወረቀቱን አጠፍኩት። ሌሎቹም በጭቃው እየተንሸራተቱ መጥተው ከበቡን። "ይህ ዛጎል ውሃውን እየጠጣ ያጣራል" አልኳቸው። "እነዚያ ወፎች ከሳይቤሪያ ድረስ በርረው የሚመጡት እዚህ ጭቃ ውስጥ ያለውን ሊበሉ ነው። በልተው ካልወፈሩ የመልሱን መንገድ አይጨርሱትም። እርስዎ አንድ ፌስታል ወሰዱ። ነገ ሌላው አንድ ፌስታል ይወስዳል። ሰው ሁሉ የቆመበት ዳርቻ እንዲህ ነው የሚራቆተው።"

ከዚያ ስለ ዝዋይ ነገርኳቸው። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ እናቲቱ ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው። አሥጋሪዎቹ የመረባቸውን ቀዳዳ በየዓመቱ እያጠበቡ እናትም ልጅም አወጡ። እኔ ሁሉንም አያለሁ፤ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ አሥጋሪ ባዶ ጀልባ እየጎተቱ መጥተው፣ "ልጄ፣ ዓሣው የት ሄደ?" ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ሰባት ዓመት ሙሉ አውቀው ነበር። ለአለቆቼ ጽፌአለሁ፤ ለእሳቸው ግን አንድም ቀን ሐይቁ ዳር ቆሜ "ትንሿን ይተዉአት" አላልኳቸውም። አፍሬ ነበር። ትልቅ ሰውን እንዴት እቆጣለሁ ብዬ።

ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ላይ ሲደርስ ነው የነቃነው። እትዬ ብርቄ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ "ታዲያ ይህን ነገር ከጅምሩ እንዲህ አትነግሪንም ነበር?" አሉ።

ተመልሰን ስንወጣ ጃኔት ጠራችኝ። "ያልሽው አልገባኝም፤ ግን ስልኩን ያየ ሰው አልነበረም" አለች። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ደብተሯን ገለጠች። አርባ ደቂቃ ዘግይተናል፤ አንድ ተሳታፊ ሕግ ሊጥስ ደርሷል። ስለዚህ የሙከራ ጊዜዬ አንድ ወር ተራዘመ። ክፍያው ገና ነው። ሌላ ስምንት ሰው፣ ሌላ ሺፍት መሰረዝ፣ ሌላ ድልድይ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?

ኬንሲንግተን፣ ዘጠኝ ሰዓት

በመልሱ መንገድ ጋሼ ከፊት ወንበር በመስኮት እያዩ መጡ። ደጃቸው ስንደርስ አንገቴን ወደ ፊት አዘንብዬ፣ "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። በሰው ፊት ጮህኩብዎ" አልኳቸው።

የመኪናውን በር ከፈቱ።

"ልጄም፣ የልጅ ልጆቼም ሲቆጡኝ በእንግሊዝኛ ነው" አሉ። "ይጮሃሉ፣ ክፍላቸው ይገባሉ። እኔ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ሶፋ ላይ ቁጭ እላለሁ። ዛሬ ግን ምን እንዳጠፋሁ ገባኝ።"

ወረዱ። ጭቃው የደረቀበት ሱሪያቸው በየእርምጃቸው አቧራ እየጣለ ወደ ሕንጻው ሲሄዱ አየሁና፣ ኤፍሬምን ጠብቀኝ ብዬ ወርጄ ክንዳቸውን ያዝኩ። ሊፍቱ እስኪመጣ አብረን ቆምን።