መቀስ ያልነካችባቸው ዓመታት

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ ነበር። ዝናብ እንኳ አይባልም፤ ግን ውጭ የተሰጣ ልብስ አያደርቅም፤ ሰማዩም ዝቅ ብሎ የቤቶቹን ጣሪያ የነካ ይመስል ነበር። እህቴ የሱቁን መብራት በጠዋቱ አብርታ የአልጋ አንሶላ ትቀድድ ነበር።

ትቀድድ ነበር ስል ተሳስቼ አይደለም። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ መቀስ ግን አትነካም ነበር። ጨርቁን በሜትር ትለካና ጠርዙን በጥርሷ ነከስ ታደርገዋለች። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ ይዛ በአንድ ትንፋሽ ትስበዋለች። ጨርቁ ድሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ድምፁ መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል። ከማዶ ያለው ጫማ ሰፊ "ቀዳጇ ገብታለች፣ ሰዓቱ ደርሷል" እያለ ነበር ሱቁን የሚከፍተው።

ያን ቀን አንሶላውን እኩሌታው ላይ አደረሰችና እጇን አቆመች።

"ምነው እትዬ?" አልኳት። ካውያ እያሞቅኩ ነበር።

"ቀርቷል።"

"ምኑ?"

"ምኑ ይሆናል፣ የወር አበባዬ ነዋ። ከቀረ ሰነበተ።"

ደስ ሊለኝ ሲል ፊቷን አየሁትና ካውያውን አስቀመጥኩ። ጨርቁን እንደያዘች ቁጭ አለች።

"የመጀመሪያዋን ቻልኩት" አለች። "ሁለተኛ ግን አልችለውም።"

የመጀመሪያዋ ድንቡሼ ናት፣ ሴት ልጇ። ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። እህቴ ድንቡሼን ከማርገዟ በፊት በሠፈሩ የሙሽራ ልብስ የሚሠራው በእሷ እጅ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ረጅም ጥቁር መቀስ ነበራት፤ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም ነበር። ሆዷ በጣም ከገፋ በኋላ አንዲት ሙሽራ ነጭ የሳቴን ጨርቅ ይዛ መጣች። እህቴ ሆዷ ጠረጴዛውን እየገፋው፣ እጇን አርዝማ ስትቆርጥ መቀሱ አዳለጣት። የልብሱ ደረት መሀሉ ላይ ጣት የሚያህል ተሰነጠቀ። ዳንቴል አበባ ሠርታ ደረበችበት። ሙሽራዋ እንዲያውም "ይሄን አበባ እንዴት አሰብሽው" ብላ አመሰገነቻት። እኔና እህቴ በኋላ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ከዚያ ድንቡሼ ተወለደች። የላይኛው ከንፈሯ በግራ በኩል እስከ አፍንጫዋ ድረስ የተከፈተ ነበር። ላንቃዋም አልገጠመም።

የእህቴ አማት አልጋው አጠገብ ቆመው ልጅቷን አዩና "መቀሱ ነው" አሉ። "እርጉዝ ሴት ጨርቅ ስትቆርጥ የልጇን ከንፈር ትቆርጣለች። ነግሬሽ ነበር።"

አልነገሯትም ነበር። ግን ያን ሰዓት ማን ይከራከራል። እህቴ የልጇን ከንፈር ስታይ የምታየው ያንን ሳቴን ነበር። "ያው ቁመት ነው፣ ያው አቆራረጥ" አለችኝ ቆይታ። ሌላ እናት ብትሆን ቁስል ታያለች፤ ልብስ ሰፊ ግን መቀስ ያረፈበትን ቦታ ነው የምታየው። ከሆስፒታል እንደወጣች መቀሱን ለማዶው ጫማ ሰፊ ሰጠችው።

እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ያን ዓመት ነው። ማንም አላስገደደኝም። ልጅቷ ጡት መሳብ አልቻለችም፤ ያጠጣናት ወተት በአፍንጫዋ ይመለሳል። ቀጥ አድርጎ የሚይዛት ሁለት እጅ፣ በማንኪያ ጠብ ጠብ የሚያደርግላት ሁለት እጅ ያስፈልግ ነበር። እህቴ ያላት ሁለት ብቻ ነው። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ የቤቱን ነገር የሚሰማው በስልክ ነበር።

ከንፈሯን ሐኪሞቹ የሰፉላት ገና በወራት ዕድሜዋ ነው። ፋሻው ሲነሳ እህቴ ጎንበስ ብላ አየችና የመጀመሪያ ቃሏ "ማነው የሰፋው? ክሩ እኮ አይታይም" የሚል ነበር። ቅናት ነበረበት። ላንቃዋ በኋላ ተሠራ። ልጅቷ መብላት ስትጀምር ያ ሁሉ ቅጥነት ጠፍቶ ኳስ አከለች፤ ድንቡሼ ያልናት ያን ጊዜ ነው። ስታወራ ግን ድምፅዋ በአፍንጫዋ መውጣቱ አልቀረም።

ያ ሱቅ ዛሬም ይናፍቀኛል። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ ባለቀለም ክሮች። ካውያው እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው እንፋሎት ሽታ፣ የአዲስ ጨርቅ ሽታ። ድንቡሼ ከስፌት መኪናው ሥር ተኝታ የፔዳሉ ድምፅ ሲቆም ትነቃለች፤ ሲቀጥል መልሳ ትተኛለች። እህቴ ከቀሚስ ወጥታ አንሶላ፣ መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ፣ የሕፃን መጠቅለያ ሠሪ ሆነች። ቀጥ ያለ ነገር ሁሉ የእሷ ነው። ኮሌታ ወይም እጅጌ ያለው ልብስ ከመጣ ወደ ሌላ ሱቅ ትልካለች። የልጇን የትምህርት ቤት ልብስ እንኳ ሌላ ሰው ነበር የሚሰፋው። ደንበኞቿ "አንቺማ አሥር ጊዜ ለክተሽ አንዴም አትቆርጪም" እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም አብራ ትስቃለች። ምክንያቱን የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን።

ካፊያው ባላባራበት በዚያው ሳምንት ድንቡሼ የሆስፒታል ቀጠሮ ነበራት፤ አነጋገሯን የሚያዩበት። የክፍሉ ነርስ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ድንቡሼ ገብታ ቃላት ስትለማመድ እህቴ ነርሷን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻት፤ እኔም አብሬ ወጣሁ።

"ሲስተር፣ አርግዣለሁ። ከድንቡሼ ወዲህ መቀስ አልነካሁም። ይበቃ ይሆን?"

"መቀስ ምን አደረገ?"

እህቴ ሁሉንም ነገረቻት፣ ሳቴኑንም ጭምር። ነርሷ አልሳቀችም።

"ያን ልብስ ስትቆርጪ ሆድሽ ምን ያህል ነበር?"

"ጠረጴዛው አላስጠጋ ይለኝ ነበር።"

"እንግዲያው ስሚኝ። አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ፣ ይገባሻል። ፊት ከአንድ ጨርቅ አይደለም የሚሠራው።" ጣቷን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አወረደችው። "ከዚህ አንዱ ይወርዳል።" ሁለት እጇን ጉንጮቿ ላይ አደረገች። "ከዚህና ከዚህ ሌሎቹ ይመጣሉ። ከአፍንጫ ሥር ይገናኙና ይያያዛሉ። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ጽንሱ ባቄላ ሲያህል ነው፤ እናትየው ማርገዟን ገና በደንብ ሳታውቅ። ሁላችንም ሳንገጣጠም ነው የምንጀምረው። አንዳንዱ ላይ አንዱ ወገን ይዘገያል፣ ወይም ደርሶ አይያያዝም። ላንቃው ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ከግራና ከቀኝ እንደ መስኮት መዝጊያ መጥቶ መሀል ላይ ይገጥማል። ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ይሄ ሥራ አልቋል።"

"ሳቴኑን ስቆርጥ...?"

"የልጅሽ ፊት ካለቀ ወራት አልፎት ነበር።"

እህቴ ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ጠቆረ።

"ታዲያ ማነው ያደረጋት?"

"ማንም። አንዳንዴ ከዘር ይመጣል፣ አንዳንዴ ከበሽታ ወይም ከመድኃኒት። ብዙ ጊዜ ግን ይሄ ነው የሚባል ምክንያት የለውም።"

"ይሄኛውስ?"

"ከሌላው ሰው ልጅ ትንሽ ከፍ ያለ ዕድል አለው፤ ብዙ አይደለም። አይሆንም ብዬ ቃል ከሰጠሁሽ ግን ዋሽቼሻለሁ።" ነርሷ የፎሊክ አሲድ ኪኒን አዘዘችላት። "ሳታረግዢ ብትጀምሪው ነበር የሚሻለው፤ አሁንም ዋጪው። በተለይ የሚጠቅመው ለጀርባ ነው። ጀርባ ሲጀምር ዝርግ ነው፤ ጠርዞቹ ተነስተው ተጠቅልለው ይዘጋሉ።"

"እንደ መጋረጃ ዘንግ ማስገቢያ" አለች እህቴ።

"ልክ እንደሱ።"

አውቶብስ ውስጥ ድንቡሼ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እህቴ መስኮቱን እያየች "ማንም" አለች። "ማንምን ምን አደርገዋለሁ? መቀስ ቢሆን ጥዬው ነበር። አሁን ምን ልጣል?"

"የሚጣል የለማ። እንደ ሌላው ሴት ትጠብቂያለሽ።"

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" አለችኝ፣ ግን ሳቅ አለች።

ኪኒኑን ዋጠች። መቀሱን ግን አልነካችም። አለመንካቱ ካልጎዳኝ ምን ቸገረኝ አለች፤ እኔም አልተከራከርኳትም። እንዲህ እንዳለን ሆዷ ገፋ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አማቷ ሱቅ መጡ። ድንቡሼ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እህቴ መጋረጃ ስትቀድድ አይተው ደስ አላቸው።

"ጎሽ ልጄ፣ አሁን ጠንቃቃ ሆነሻል። ከመቀስ ርቀሻል፣ ይሄኛው ሙሉ ሆኖ ይወጣልሻል።"

ድንቡሼ እርሳሷን አስቀመጠች። በዚያ በአፍንጫዋ በሚወጣው ድምፅ "እማዬ፣ እኔን ቆርጠሽኝ ነው?" አለች።

እንዲሁ ተወልደሽ ነው ብለን ነበር ያሳደግናት። እህቴ የተረዳችው ያን ጊዜ ነው። መቀስ ሳትነካ ሆዷ ያለው ልጅ ሙሉ ሆኖ ቢወለድ፣ ከንፈሩ ዕድሜ ልኩን በእሷ ላይ ምስክር ይሆናል። ድንቡሼም ሕፃኑን ባየች ቁጥር እኔን ግን እናቴ ቆረጠችኝ ትላለች።

ተነሳችና ሆዷን ደግፋ መንገዱን ተሻገረች። ጫማ ሰፊው ላይ ስትጮህ እስከ እኛ ተሰማ።

"መቀሴን አምጣ።"

"ሰጥተሽኝ የለ እንዴ?"

"አሁን ወሰድኩት።"

"ቆዳ ስቆርጥበት ኖሬ ደንዟል እኮ።"

"ይደንዝዝ።"

ተመልሳ ለድንቡሼ የትምህርት ቤት ልብስ ገዝተን ያስቀመጥነውን ሰማያዊ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አማቷ ተነስተው እጇን ሊይዙ ቃጣቸው።

"ተይ ልጄ። ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልብስ ልሰፋ ነው።"

"በሆድሽ ያለውን አስቢ እንጂ።"

"እማማ፣ በሆዴ ያለው ፊቱ ተሠርቶ ካለቀ ቆይቷል። የሆነውም ቢሆን ሆኗል። እኔ የምጨምርበት፣ የምቀንስበት የለም።" ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። "ነይ ትከሻሽን ልለካ። እኔ አልቆረጥኩሽም። ከንፈርሽ እንዲያ የሆነው ገና ባቄላ ስታክዪ፣ መኖርሽንም ሳላውቅ ነው። ማንም አይደለም ያደረገሽ። ገባሽ?"

"ባቄላ ነበርኩ?"

"ባቄላ ነበርሽ። አሁን ዱባ ሆነሻል።"

የመጀመሪያው ቆረጣ ተንጋደደ። ድንቡሼ ጎንበስ ብላ አየችና "ጠማማ ነው" አለች። "አውቃለሁ፣ ዝም በይ" አለች እህቴ፤ አስተካክላ ቀጠለች። አማቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ጠፋ አልልም። የነርሷን ነገር ጭንቅላቷ ተቀብሎታል፤ ሆዷ ግን አልተቀበለውም ነበር። እየቆረጠች ትፈራ ነበር፤ እየፈራች ትቆርጥ ነበር።

ስትወልድ ሕፃኑን አላየችውም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ "አንቺ እይልኝ" አለችኝ። ወንድ ነበር። ከንፈሩ ገጥሟል። አዋላጇ ጣቷን አፉ ውስጥ አስገብታ ዳሰሰችና ላንቃውም ደህና ነው አለች። ነገርኳት። ዞራ አቀፈችው፤ አለቀሰች፤ ከዚያ "ድንቡሼን አምጪልኝ" አለች። ሕፃኑን ልጅቷ እቅፍ ላይ አደረገችላት። ድንቡሼ በጣቷ የወንድሟን ከንፈር ነካች፣ የራሷን ጠባሳም ነካች፤ "የእሱ ቶሎ ደርሶ ነው" አለች። እህቴ "አዎ፣ እሱ ቶሎ ደርሶ ነው" አለቻት። አማቷ በእኔ ጸሎት ነው ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ። ይሁን ተባለ። የባሰ አታምጣ ነው።

እህቴ ወደ ቀሚስ ተመለሰች። ብዙ ሙሽራ አለበሰች። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሰው ሁሉ የተሰፋ ልብስ ከመደብር መግዛት ጀመረ፤ ሠፈሩም ፈርሶ በቦታው ሌላ ሕንፃ ቆመ። ጫማ ሰፊው ከሞተ ቆይቷል። አማቷም አርፈዋል። ወንዱ ልጅ እንደ አባቱ ሹፌር ሆኖ ቤት አይገኝም። ድንቡሼ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት።

እህቴ አሁን ድንቡሼ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ልብስም አትሰፋም፤ ያን ጥቁር መቀስ ግን ዳግም ለማንም አልሰጠችም።